ጣቢያው የሚያልቅበት ቀን

ጥቅምት 4

መርማሪው ባለቤቴ፣

ሰላምታው ኋላ ይደርስሃል፤ መጀመሪያ ይቅርታዬን ውሰድ። አዎ፣ ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት እኔው ነኝ እንጂ ኔትዎርኩ አይደለም። ድሮ «ተቋረጠብኝ» ብዬ እሸፋፍነው ነበር፤ አሁን ለመሸፋፈኑም ታከተኝ። እንዳልከው እንጻጻፍ። በስልክ ከሆነ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ነው የምንጣላው፤ ወረቀት ቢያንስ አያቋርጠኝም።

እኛ ደህና ነን። ሚጣ የፊት ጥርሷ ወልቋል። «አባዬ የሚመጣው አዲሱ ሳይበቅል ነው ወይስ ከበቀለ በኋላ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ስለ ሥራዬ ለጠየቅኸኝ፣ ያው ነው። ሊፍቱ እንደተበላሸ ነው፤ ስድስተኛ ፎቅ ድረስ በእግሬ እወጣለሁ፤ ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥሰኝ አቧራም ያው የድሮው ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ዳይሬክተሩ አስጠራኝና በሩን ዘጋ። እሱ በር ከዘጋ ወይ ሰው ሊያባርር ነው፣ ወይ የማይሆን ሥራ ሊሰጥ ነው። የማይሆነውን ሰጠኝ።

«ቀጣዩ ትልቅ የኃይል ማመንጫ በነፋስ ይሁን ወይስ ሁለተኛ የኑክሌር ጣቢያ ይሠራ የሚለውን ቦርዱ የካቲት ላይ ይወስናል» አለኝ። «የሁለቱን ወጪ አወዳድሪና አንድ ገጽ አምጪልኝ። ገጹ ላይ ደግሞ አንድ ቁጥር።»

«የእያንዳንዳቸውን ማለትዎ ነው?»

«የቱ በስንት እንደሚረክስ። አንድ ቁጥር። የቦርድ አባላት ጊዜ የላቸውም።»

ጉዱ ምን መሰለህ? ለኑክሌሩ የማነጻጽርበት እዚህ አገር ያለው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው፤ ያንተው። እሱም ገና አላለቀም። በአምስት ዓመት ያልቃል ተብሎ ስምንተኛውን ይዟል። ወረቀቱ «በመጪው መስከረም ኃይል መስጠት ይጀምራል» ይላል። አምናም «በመጪው መስከረም» ነበር የሚለው። እስቲ አንተ እዚያው ውስጥ ያለኸው ንገረኝ፤ መቼ ነው የሚያልቀው?

ብርድ ልብሱን በፖስታ ቤት ልኬልሃለሁ። አሁን ሰላምታው ይኸውልህ፤ እንደምን ከርመሃል?

ያኮረፈችው ሚስትህ


ጥቅምት 23

የኔ ሒሳብ ሠሪ፣

ብርድ ልብሱ ደርሶኛል፤ ኑሪልኝ። የምንተኛበት የቆርቆሮ ክፍል ቀን ምድጃ ነው፣ ማታ ማቀዝቀዣ። ክፍል የምጋራው ኤሌክትሪሺያን ብርድ ልብሱን አይቶ «እኔንስ የሚያስበኝ ማነው?» እያለ ሲያለቃቅስ ግማሹን ቆርጬ ልሰጠው ምንም አልቀረኝም።

ፈቃድ ለምን እንደተከለከልኩ በስልክ ጠይቀሽኝ ነበር። የሥራ ጫና ነው። ሌላ ነገር የለም። አትጨነቂ።

ስለ ማለቂያው ቀን፣ ወረቀቱ መስከረም ካለ መስከረም ነው። እኔ የቧንቧ ብየዳ የምመረምር ሰው ነኝ እንጂ የሳይቱ አለቃ አይደለሁም።

ስለ ውድድሩ ግን አስተያየቴን ከፈለግሽ አልሰስትም። ኑክሌር አንዴ ከተነሳ ቀን ሌሊት ሳይል፣ ዝናብ ፀሐይ ሳይል ስድሳ ዓመት ይሠራል። ነዳጁም ቢሆን ለዓመት የሚበቃው በጥቂት መኪና ይገባል። ነፋስ ግን ልክ እንደ አክስቴ ነው፤ ሲያሰኘው ሳይጠሩት ይመጣል፣ በጨነቀሽ ቀን ደጁ ዝግ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ነቅለሽ ሌላ ትተክያለሽ። ይህን ሁሉ ሒሳብሽ ውስጥ አስገቢ፤ ከዚያ ማን እንደሚረክስ እናያለን።

ለሚጣ ጥርሱ ሲበቅል ድዷን በምላሷ እንዳትነካካ ንገሪያት፤ ይጣመማል። ንዴትሽ ሲበርድልሽ ጻፊልኝ። ባይበርድልሽም ጻፊልኝ።

ባልሽ


ኅዳር 14

አንተ ሰው፣

አልበረደልኝም። «ወረቀቱ መስከረም ካለ መስከረም ነው» ያልካት ነገር አንጀቴን አሳረረችው። መደርደሪያ ስንሰቅል የሻጩን ልክ አላምንም ብለህ ግድግዳውን ስትለካና ስትሰርዝ የዋልከው አንተ አይደለህም እንዴ? ከመቼ ወዲህ ነው ወረቀት ማመን የጀመርከው?

ወደ ነፋሱ ጣቢያም ሄጃለሁ። ማማዎቹ ተራራው ጫፍ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ አንዱም አይዞርም። የጥገና ቴክኒሺያኗ የደኅንነት ቀበቶዋን ወገቧ ላይ እንደታጠቀች ከማማው ሥር ተቀምጣ ሙዝ ትበላለች። «ትናንት ብትመጪ ኖሮ!» አለችኝ። እዚህ ቤት ሁሉም ነገር ወይ ትናንት ነበር ወይ መስከረም ነው።

ዋጋቸው ግን እውነትም ርካሽ ነው። ነዳጅ የለ፣ ግንባታው ቶሎ ያልቃል፣ ብድሩ ሳይከማች ገቢው ይጀምራል። ሒሳባቸው ውስጥ ያላስገቡት፣ ከተማ ድረስ የሚመጣውን የማስተላለፊያ መስመርና ነፋስ በጠፋ ቀን የሚያበራውን ባትሪ ነው። ኃላፊያቸውን ስጠይቀው «እሱ የኛ ወጪ አይደለም» አለኝ። ታዲያ የማነው? የአክስትህ ነው? ስጨምርበት «ባሏ ኑክሌር ጣቢያ ስለሚሠራ ነው» ብለው ለዳይሬክተሩ ከሰሱኝ።

የናንተዎቹ ደግሞ ያገለገለ ነዳጅ የሚቀመጥበትን፣ ጣቢያው ሲያረጅ የሚፈርስበትን አላስገቡም። «እሱ ወደፊት የሚታይ ነው» አሉኝ። ያንንም ስጨምር «የነፋስ ሰው ናት» ተባልኩ። በሁለቱም በኩል ጠላት አፍርቼ ደሞዜ ያው ነው።

ሁሉንም ከደመርኩ በኋላ የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት። ጣቢያው በጊዜው ካለቀ ኑክሌሩ ይረክሳል። ከዘገየ ግን አንድ አምፖል ሳይበራ ብድሩ ወለድ፣ ወለዱም ወለድ እየወለደ ዋጋው ከነፋሱ ያልፋል። ሁሉም ነገር የሚያልቅበት ቀን ላይ ተንጠልጥሏል። እሱን ደግሞ አፍ አውጥቶ የሚነግረኝ ጠፋ።

እሺ፣ ቢሮውን ተወው። የቤት ነገር ልጠይቅህ። አከራያችን ሴትዮ ውል እናድስ ብላለች። የአንድ ዓመት ውል ከሆነ ኪራይ ትጨምራለች፤ የሦስት ዓመት ከሆነ አትጨምርም፣ ግን አቋርጠን ከወጣን ቅድሚያ ክፍያው አይመለስልንም። አንተ ስትመለስ ወደ እናትህ ከተማ እንገባለን ብለን ነበር። አንድ ልበላት ወይስ ሦስት? እንደ ሚስት ነው የምጠይቅህ።

እኔው


ታኅሣሥ 3

ለወይዘሮዋ፣

እንደ ሚስት ነው ትይኛለሽ? አራት ገጽ ሙሉ እንደ ቢሮ ጠይቀሽኝ መጨረሻ ላይ ነጠላ ጫማ አድርገሽ ብትመጪ የማላውቅሽ መሰለሽ? እኔ ስቀጠር ስለ ሥራው ለውጭ ሰው አልናገርም ብዬ ፈርሜያለሁ። ሚስትም ቢሆን፣ እናትም ቢሆን። ደግሞ ደብዳቤዬ ተከፍቶ እየተነበበ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ለሁለት ሳምንት መልስ ያልሰጠሁሽ ደሜ ፈልቶ ስለነበር ነው። አሁንም አልረጋም። ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ እሱም ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

የሦስቱን ዓመት ያዢ።

ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። ሚጣን ሳሚልኝ።

ባልሽ


ታኅሣሥ 15

ባለቤቴ፣

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ስለዚህ ሚጣ ምን ሆነሽ ነው ብላ አልጠየቀችኝም።

መጀመሪያ እንደ ሚስት ነው ያነበብኩት። ሦስት ዓመት። ሚጣ ያኔ አሥር ዓመት ይሞላታል። ቀጥሎ ሳልፈልገው ሒሳቡ ራሱ ጭንቅላቴ ውስጥ ተሠራ። ሦስት ዓመት ከዘገየ ኑክሌሩ ከነፋሱ ይወደዳል፤ መስመሩንም ባትሪውንም ከነምናምኑ ደምሬበት። ባሌ የለም ብዬ ሳለቅስ ወለድ ሳሰላ ራሴን አገኘሁት። እንዲህ ያለ ሥራ ይቅር።

ካንተ የሰማሁትን ገጹ ላይ ላውለው እንደማልችል አውቃለሁ፤ አላዋልኩትምም። ዳይሬክተሩ ዘንድ ገብቼ «የመስከረሙን ቀን አላምነውም። ቦርዱ ራሱ ግንበኞቹን አስቀርቦ ይጠይቅ። እስከዚያ የምሰጥዎ ሦስት መስመር ነው፤ በጊዜው ቢያልቅ፣ ትንሽ ቢዘገይ፣ ብዙ ቢዘገይ» አልኩት።

«አንድ ቁጥር ነው ያልኩሽ» አለ።

«አንድ ቁጥር ውሸት ይሆናል።»

«አንቺ ባልሽ ናፍቆሽ ነው እንጂ ሒሳቡ ምንም ችግር የለበትም» አለኝ። እንዲህ አለኝ፤ ጸሐፊዋ እየሰማች! ገጼን ፊቴ ቅርጫት ውስጥ ጣለና ሥራውን አብሮኝ ለሚሠራው ለባለ ክራባቱ ሰጠው። ባለ ክራባቱ ምሳ በልቶ መጥቶ ሻይ ሳይቀዘቅዝበት ጨረሰው። ኑክሌር በአሥራ ሦስት በመቶ ይረክሳል፤ መስከረም ላይ ካለቀ። «ካለቀ» የምትለዋን ግን ገጹ ላይ ፈልጌ አጣኋት።

አሁን የሚቀረኝ አንተ ነህ። ፈቃድ የተከለከልከው በሥራ ጫና እንዳልሆነ ገብቶኛል። ወረቀቱ መስከረም እያለ አንተ ሦስት ዓመት ያልከው ከምን ተነስተህ ነው? እዚያ ምን እየተደረገ ነው? ደብዳቤ እንዳይከፈት ከፈራህ ከሳይቱ ውጭ ካለው ከተማ ላክ። መንገዱን አስቤልሃለሁ፤ ሰበቡ አልቋል።

ሚስትህ


ጥር 8

የኔ እመቤት፣

ይህን የምጽፍልሽ ከከተማው አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ነው። ጠረጴዛው ይወዛወዛል።

የሚያዘገየው እኔ ነኝ።

ከኑክሌር ማብላያው ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣ ዋና ቧንቧ አለ። ብየዳውን በራጅ እያየን፣ ደህና ከሆነ እኔ እፈርማለሁ፤ ካልፈረምኩ ግድግዳው አይዘጋም፣ ውሃም አይሞከርበትም። ያለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘሁ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። ያንን ክፍል የበየደው ተቋራጭ አንድ ነው፤ ሥራው በሙሉ ያው ነው። ተቆርጦ እንደ አዲስ ይበየድ አልኩ። እንደ አዲስ ቢበየድ፣ ቧንቧው እስኪመጣ፣ የተዘጋው እስኪፈርስ፣ ሦስት ዓመት። የሳይቱ አለቃ «የተሰነጠቁትን ብቻ እንለጥፍና ፈርም» ይላል። አልፈርምም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ፈቃድ የለም። ምሳ ቤት ስገባ ጠረጴዛው ይለቀቅልኛል፤ አክብረውኝ እንዳይመስልሽ። እዚህ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ቤቱ መግባት ይፈልጋል፣ ጉርሻውም የሚከፈለው ሲያልቅ ነው። «አቶ አይፈርሜ» ነው የሚሉኝ። ኤሌክትሪሺያኑ እንኳ ክፍል ቀየረ።

አልነገርኩሽም። ምን ብዬ ልንገርሽ? «ልጃችንን የማላሳድገው በገዛ እጄ ነው» ልበልሽ? ስልክ ላይ ዝም የምለው ለዚህ ነበር። መቼ ትመጣለህ ስትይኝ መልሱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ብዕሩ።

ባለፈው ሳምንት አለቃው ለብቻዬ ጠርቶ ሻይ አዘዘልኝ። «ስንጥቋ ምናልባት ሃምሳ ዓመት ምንም አትሆን ይሆናል። ፈርም፤ ክረምት ሳይገባ ቤትህ ነህ» አለኝ። ምናልባት እውነቱን ነው። ምናልባት ምንም አይሆን ይሆናል። ይህ «ምናልባት» ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ደከመኝ። እኔ ብቻዬን አልችለውም። አንቺ ንገሪኝ፤ ልፈርም ወይ?

ባልሽ


ጥር 17

አቶ አይፈርሜ፣

አትፈርም።

መልሱ ይህ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ንዴት ነው፤ ከፈለግህ አታንብበው።

ዓመት ሙሉ! ዓመት ሙሉ ዝምታህን ስሰማ ምን እንደመሰለኝ ታውቃለህ? እህቴ እትዬ «ሴት ይዞ ይሆናል» ስትለኝ ተቆጥቼ ከቤት አስወጣኋት፤ ማታ ግን እኔም ያው ሐሳብ መጣብኝ። ያቺ ሴት ቧንቧ ሆና መገኘቷ ሊያስቀኝ ይገባ ነበር። አላሳቀኝም። ብትነግረኝ ምን እል ነበር? ፈርመህ ና? ይህን ያህል ነው እንዴ የምታውቀኝ?

ደግሞ አሁን «አንቺ ንገሪኝ» ብለህ ሸክሙን እኔ ላይ መጣልህ! ፈርም ብል ያ ቧንቧ ዕድሜ ልኬን ትራሴ ሥር ነው። አትፈርም ብል ልጄን አባት የነሳኋት እኔ ነኝ። እኔ ያወጣሁት ገጽ ላይ «የመዘግየት ወጪ» የሚል መስመር ነበረ። እሱ ለካ አንተ ነህ። አንተን ነው በመቶኛ ሳሰላ የከረምኩት።

አሁን ስማኝ። አለቃህ ሻይ የሚያዝልህ ወዶህ ሳይሆን ፈርቶ ነው። የኑክሌር ደኅንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አለ፤ አንተ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። የፈረምከው ለውጭ ሰው አልናገርም ብለህ ነው፤ እነሱ የውጭ ሰው አይደሉም፣ ሥራቸው ነው። ራጁን ይዘህ ሂድ። ቦርዱ የካቲት አጋማሽ ይሰበሰባል፤ ግን ለቦርዱ ብለህ አይደለም፣ ለኔም ብለህ አይደለም። ያ ጣቢያ ሥር መንደር አለ፤ አውቶቡስ መናኸሪያ አለ፤ የምትጽፍበት ሻይ ቤት አለ።

ጃኬትህን ደርበህ ሂድ። ይበርዳል።

ሚስትህ


የካቲት 21

የኔ እመቤት፣

ጋዜጣው ሳይደርስሽ በፊት ልጽፍልሽ ነበር፤ አልተሳካልኝም። አዎ፣ ጋዜጣው ያወራው እውነት ነው።

ራጁን ከወሰድኩላቸው በኋላ ተቆጣጣሪዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛዋ ብዙም የማትናገር ሴት ናት፤ ራጁን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ይቆረጥ» አለች። ቧንቧውን ቆርጠው ሲያወጡት ስንጥቁ እኔ ካየሁት የጠለቀ ሆኖ ተገኘ። የሳይቱ አለቃ ቆቡን አውልቆ ቆመ። በጣም ያሳዘነኝ እሱ ነው ብልሽ ታምኛለሽ? ሦስት ልጆች አሉት፤ እሱም ቤቱን አላየም።

ሥራው ቆሟል። አዲሱ የማለቂያ ቀን ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ሠራተኛው ግማሹ ተበተነ። በያጆቹ ሲሄዱ ሻንጣቸውን በአጠገቤ እየጎተቱ አለፉ፤ አንዱ ብቻ እጄን ጨበጠኝ፣ ሌላው እግሬ ሥር ምራቁን ተፋ። በሁለቱም አልፈረድኩም።

እኔ አልተባረርኩም። ወደ ሥራ እስክጠራ ድረስ ደሞዝ አልባ ፈቃድ ነው ተብዬአለሁ። እስከ መቼ ብዬ ጠየቅኩ፤ «አይታወቅም» አሉኝ። ይህን እንዴት እንደምትወጂው!

ልምጣ ወይ? የምጠይቅሽ ይገባኛል ብዬ አይደለም።

ባልሽ


መጋቢት 2

ባለቤቴ፣

ቦርዱ ውሳኔውን አራዘመ። ትናንት ዳይሬክተሩ በሩን ዘግቶ «ያቺ ሦስት መስመር ያላት ገጽሽ የት አለች?» አለኝ።

«ቅርጫት ውስጥ ጣሏት እኮ።»

«እንደገና አትሚያት። ግን» አለና ድምፁን ቀነሰ፣ «የሦስቱን አማካይ ወስደሽ አንድ ቁጥር አድርጊልኝ።»

ምን እንዳልኩት አልጽፍልህም፤ ሚጣ አሁን ማንበብ ጀምራለች። ባለ ክራባቱ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ነፋስ በሃያ በመቶ ይረክሳል እያለ ነው። የነፋስ ጣቢያው ሰዎች ኬክ ላኩልኝ፤ «እናመሰግናለን» ተብሎ በክሬም ተጽፎበታል። ኬኩን መለስኩት፤ ባትሪውንም መስመሩንም አልቀነስኩላቸውም። ሁሉም አሸነፍን ወይም ተሸነፍን ይላል እንጂ ገጹን ያነበበ የለም። እርር ድብን እንዳልኩ ነው። አንተም ትክክል ነበርክ፣ እኔም ትክክል ነበርኩ፤ ምን አተረፍን? ደሞዝ አልባ ባልና «አማካይ ውሰጂ» የምትባል ሚስት።

ይህን ሁሉ የምጽፍልህ አዝኜልህ ሁሉ ነገር ያለፈ እንዳይመስልህ ነው። አላለፈም። ስለዚያ ዓመት ገና ብዙ የምናገረው አለኝ፤ ፊትህ ላይ እንጂ በወረቀት አይደለም።

የሐሙሱን አውቶቡስ ያዝ። እኔ መናኸሪያ አልመጣም። እትዬ ሚጣን ይዛ ትቀበልሃለች፤ እትዬም ይቅርታ የምትጠይቅህ ነገር አላት፣ ዝም ብለህ ስማት። ቤቱ ጋ ስትደርስ በቁልፍህ አትታገል፤ የበሩ መቆለፊያ ተበላሽቶ አምና አስቀይሬዋለሁ፣ ያንተው ቁልፍ አይከፍትም።

አንኳኳ። እከፍትልሃለሁ።